አሥራ ሁለት ሰከንድ

እናትዓለም ወልደ ዮሐንስ ባሕር ዳር የመጣችው በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። እኔ አስማማው ያን ጊዜ አሥር አለቃ ነበርሁ፤ በትራፊክ ፖሊስነት አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አዛዣችን ቢሮ አስጠርተው አንዲት ቀጭን ልጅ አሳዩኝና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት፤ አንተ ጨርቁን ትይዛለህ» አሉኝ። አልተቀየምሁም። ዓይኔ ደክሞ የሰዓቱን መርፌ ማንበብ ካቃተኝ ከርሞ ነበር። ሾፌሮቹም ደርሰውበት፣ «ጋሼ አስማማው ዘንድ ሁሉም መኪና ሃምሳ ነው የሚሄደው» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

ሥራችን እንዲህ ነው። ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ በጎንደር መንገድ፣ አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ እስኪጀምር ድረስ ቀጥ ያለ ሜዳ አለ። ድልድዩ ላይ ጥበቃ ስላለ ሾፌር ሁሉ እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ ይሻገራል፤ ከድልድዩ እንደ ወረደ ግን ከበረት እንደ ተለቀቀ ጥጃ ይፈነጥዛል። በዚያው መንገድ ገበያተኛው፣ አህያው፣ ውኃ ቀጂው ይተላለፋል። እኛ ሁለት መቶ ሜትር በሜትር ለካንና ከዳርና ከዳር ሁለት ድንጋይ ኖራ ቀብተን ተከልን። እኔ መጀመሪያው ድንጋይ ጋ ቀይ ጨርቅ ወደ ላይ ይዤ እቆማለሁ። የመኪናው የፊት ጎማ ከድንጋዩ ሲደርስ ጨርቁን እጥላለሁ። እናትዓለም ሁለተኛው ድንጋይ ጋ ሆና ጨርቁ ሲወድቅ ሰዓቱን ታስነሣለች፣ ጎማው እሷ ጋ ሲደርስ ታቆመዋለች። የተፈቀደው ስድሳ ኪሎ ሜትር ነው። በስድሳ የሚሄድ መኪና ያችን ሁለት መቶ ሜትር በአሥራ ሁለት ሰከንድ ይጨርሳል። አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ከቆየ በሰላም ይለፍ፤ ከአሥራ ሁለት ካነሰ ፊሽካው ይነፋል።

በሳምንቱ ሾፌሮቹ ስም አወጡላት፤ «አሥራ ሁለት ሰከንድ»። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ቋንቋ አወጡላት። ከጎንደር የሚገባ ሾፌር እኛን አልፎ ድልድዩ ላይ ከከተማ የሚወጣውን ሲያገኝ፣ መብራቱን ብልጭ አድርጎ የግራ እጁን አንጓ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። «ባለ ሰዓቷ ቆማለች» ማለቱ ነው። ከሌለች ባዶ መዳፉን ዘርግቶ ያሳያል። መናኸሪያ ውስጥ፣ «ሰዓት ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሾፌር ሰዓት መጠየቁ አልነበረም። «አሥራ ሁለት ነው» ካሉት ረጋ ብሎ ይወጣል። አንድ ከማክሰኝት የመጡ ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ «አሥራ ሁለት ነው» ሲባል ሰምተው፣ ቀኑ መሽቷል ብለው አውቶቡሱን ትተው ወደ ዘመዳቸው ቤት ለአዳር ተመለሱ እያሉ የመናኸሪያ ሰዎች ሲሥቁ ከረሙ።

አዛዣችን ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ይጠቋቆማሉ! እሱንም ክሰሷቸው» አሉ።

እናትዓለም፣ «ተጠቋቁመው ቀስ ካሉማ ሥራችንን ሠሩልን እኮ» አለቻቸው። ነገሩ በዚያው ቀረ።

የልመናው ቋንቋ ግን ሌላ ነው። የእኔ ጆሮ ከደነደነ ቆይቷል። ከሾፌር አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ክርክር ነው፦ «ይቺ ኤንትሬ ካሚዮን ያን ሁሉ ጭነት ይዛ ሰባ ከገባችማ ሸልሚልኝ!» ክርክሩ ካልሠራ ሹመት ይመጣል፦ «ጓዲት፣ አለቃሽን አውቀዋለሁ።» ያም ካልሆነ ወደ ዝምድና ይገባል፤ «እህቴ»፣ «የኔ እመቤት»። ከዚያ «አፈር ስሆን»፣ «ዛሬን ብቻ ማሪኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም»። መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ቦታ ይደርሳሉ፤ «በእናትሽ!»

እናትዓለም ሁሉንም ዝም ብላ ትሰማለች። አትቆጣም፣ አትሥቅም። «በእናትሽ» ሲሏት ግን እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆም ይላል፤ ለአፍታ ብቻ። ከዚያ ትጽፋለች። ብዙ ጊዜ ፊሽካ ሲነፋ እሷ ጋ እሄድ ነበርና፣ ምንድነው ነገሩ እያልሁ አስተውል ነበር።

ፈሪ እንዳልሆነች ግን ቶሎ አወቅሁ። አንድ ቀን አንድ ላንድሮቨር በስምንት ሰከንድ አለፈ፤ ዘጠና መሆኑ ነው። ፊሽካዋን ነፋች። መኪናው ሲቆም ከኋላ ወንበር ካኪ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው በመስኮት ብቅ አለ።

«አንቺ፣ የት እንዳለሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አዎን ጓድ» አለች፤ «ሁለተኛው ድንጋይ ጋ።»

ሰውየው አፍጥጦ አያትና በሣቅ ፈነዳ። ሾፌሩ ላይ ተጻፈ። እኔ ያን ሳምንት ከአሁን አሁን ተጠራን ስል ከረምሁ፤ በዚያ ዘመን የትልቅ ሰው ሣቅ የት እንደሚያደርስ አይታወቅም። ደግነቱ ምንም አልመጣም።

ከሁለተኛው ድንጋይ አጠገብ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። ከሾላው ሥር እማማ ሀጂራ የሚባሉ የሐይቅ ዳር ሴት ለመንገደኛ ዓሣ ይጠብሳሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አምስት ወንዶች ልጆች ያሳደጉ፣ ቀጭን ሆነው ድምፃቸው የሚያስተጋባ ሴት ነበሩ። ለእናትዓለም ሦስት ጊዜ ዓሣ ሰጥተዋት ሦስት ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቀበልም» ብላ መልሳባቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈው ባይሆንም ተራርቀው ይውላሉ።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ድንገት ዝናብ ጣለብንና ሁላችንም ሾላው ሥር ተጠለልን። በዚያች ደቂቃ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ ‹በእናትሽ› ሲሉሽ ምን ትሆኛለሽ?» አልኋት።

«አዩኝ እንዴ ጋሼ?» አለች። ከዚያ እንዲህ ብላ ነገረችኝ።

«በስድሳ ስድስቱ ድርቅ የስድስት ወይ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከወሎ ነው የወጣነው፤ ከየትኛው አገር እንደሆነ ግን አላውቅም። በእግር ስንሄድ እናቴ ከፊት ከፊቴ ነበረች። የነጠላዋ ጥለት ሰማያዊ ነው፤ አንዱ ጫፍ ተተልትሏል። እሱን እያየሁ ነው የተከተልኳት። መጠለያው ደረስንና እሷ ሞተች። የሚመዘግበው ሰውዬ የአባቴን ስም ሲጠይቀኝ አላወቅኩትም። ‹ግድ የለም› ብሎ የራሱን ስም፣ ወልደ ዮሐንስን፣ ጻፈልኝ። ከዚያ ደሴ የሕፃናት ማሳደጊያ ገባሁ። አሁን ሰው ‹በእናትሽ› ሲለኝ ፊቷን ልፈልግ እሄዳለሁ። የማገኘው ጀርባዋን ነው። ፊቷ የለኝም። ስለዚህ እመለስና እጽፋለሁ። ሌላ ምንም አይደለም።»

እማማ ሀጂራ ዓሣ ማገላበጡን ትተው ሲሰሙ ነበር። ዘይቱ መጨስ ሲጀምር ነው የነቁት።

በማግስቱ ስንመጣ ሾላው ሥር አንድ ዱካ ተቀምጦ አገኘን፤ አዲስ የተጠረበ፣ መቀመጫው ገና የእንጨት ሽታ ያለው።

«አንቀበልም እማማ» አለች እናትዓለም።

«ማን ሰጠሽ?» አሉ እማማ ሀጂራ፤ «ዱካው የእኔ ነው። መኪና ሲጠፋ ብትቀመጭበት ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ስትቀመጭ ግን ፊቴን አዙሬ እጠብሳለሁ።»

እስከ እኩለ ቀን ቆመች። ከዚያ ተቀመጠች። እማማ ሀጂራ እውነትም ፊታቸውን አዞሩ።

እንዲህ ተጀመረ። አመሻሹ ላይ ሥራ ስንጨርስ የእናትዓለምን እግር ቡትስ ጫማዋ ሲያሳብጠው ያዩት እማማ ሀጂራ፣ አንድ ቀን ገበቴ አምጥተው ለብ ያለ የጨው ውኃ አዘጋጁላት። «ይህም የእኔ ውኃ ነው» አሉ። እናትዓለም ሹም አቦ ሰፈር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ ለብቻዋ ነበር የምትኖረው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ እማማ ሀጂራ ቤት መሄድ ለመደች። ቀረሶ የሚሉት ዓሣ ሲበለት ማየት፣ ከዚያም ራሷ መበለት ጀመረች። አጠራሯም ቀስ በቀስ ተለወጠ። «እማማ ሀጂራ» ነበር፤ ክረምቱ ሳያልቅ «እማማ» ብቻ ሆነ፤ በመስከረም «እማ» ስትላቸው ሰማሁ። መቼ እንደ ተሻገረችው ራሷም ያወቀች አልመሰለኝም።

ሱሌማን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእማማ ሀጂራ ሦስተኛ ልጅ ነው፤ ለዓመታት በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ በሰማንያ ታኅሣሥ ላይ አገሩ ተመለሰ። የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ሰጠውና ዓሣ ወደ ጎንደር ማመላለስ ጀመረ። ሣቂ፣ ተጫዋች፣ ሰው ወዳድ ልጅ ነው። መሪ ሲጨብጥ ግን ነፋስ ይሆናል።

አንድ ጠዋት ጨርቁን ጣልሁ፤ ፒክአፗ ከነአቧራዋ አለፈችኝ። ፊሽካው ተነፋ። የሾፌሩን ማንነት ሳይ ልቤ ስለፈራ ወደዚያው ተራመድሁ። ስደርስ ሱሌማን ከመኪናው ወርዶ ቆሟል።

«ዘጠኝ ሰከንድ። ሰማንያ ኪሎ ሜትር» አለችው እናትዓለም።

«እህቴ፣ ዓሣ ነው የጫንሁት። ዓሣ አይጠብቅም። ፀሐይ ከበረታ ጎንደር ሲደርስ ለድመት ነው የሚሆነው። ተይኝ፣ በእናትሽ!»

እስክሪብቶዋ ቆመ። በዚህ ጊዜ ግን የቆየው ከአፍታ በላይ ነው። ዓይኗ ወደ ሾላው ሄደ። እማማ ሀጂራ ዓሣቸውን እያገላበጡ ነበር፤ ቀና አላሉም። እናትዓለም ጻፈች፤ ወረቀቱንም በሁለት እጇ ሰጠችው።

ያ በዚያው አለፈ። መጋቢት ላይ፣ ሁዳዴ ገብቶ የጎንደር ሰው ዓሣ ዓሣ በሚልበት ሰሞን፣ እንደገና በዘጠኝ ሰከንድ ያዘችው። ሁለተኛ ክስ መሆኑ ነው። ሦስተኛ ከሆነ መንጃ ፈቃዱ ለሦስት ወር ይታገዳል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሱሌማን አልለመነም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ። እማማ ሀጂራ ግን ምጣዱን ከእሳት አወረዱ፣ ዓሣውን በቅርጫት ከተቱ፣ ከዚያም ዱካውን አነሡ።

«ልጄ» አሏት፤ «ሕጉን ይዘሻል፤ ያዥው። ልቀቂ አላልሁሽም። እኔ ግን የልጄ እንጀራ ሲቆረጥ እዚህ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም።»

ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሾላው ሥር ሰው አልነበረም። እናትዓለም ጥላውን ትታ ፀሐይ ላይ ትቆም ጀመር። ከከተማ ያመጣሁትን ዳቦ አልበላችም። እኔ አላስቻለኝም።

«ስሚ» አልኋት በአራተኛው ቀን፤ «ልጁ ሲመጣ ጨርቁን ትንሽ ቀድሜ ልጣለው። አንድ ሦስት ሰከንድ ያህል። ማን ያውቃል?»

አየችኝ። እንደዚያ አዝና አይታኝ አታውቅም። «ጋሼ፣ ያን ቀን ሰዓቱን ለአዛዡ መልሼ እሄዳለሁ» አለች። ከዚያ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ለእኔ ብለው ነው፤ ገብቶኛል» አለች።

በስምንተኛው ቀን ዕረፍቷ ነበር። ተነሥታ ወደ ሐይቁ ዳር ሄደች። ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከእማማ ሀጂራ ነው፤ እሳቸው ሲያወሩት እናትዓለም «አይደለም እማ፣ እንዲህ አላልኩም» እያለች ታርማቸዋለች፤ እኔ እንደሰማሁት ነው የምነግራችሁ።

እማማ ሀጂራ ከውኃው ዳር ዓሣ እያጠቡ ነበር። እናትዓለም ሰላም ብላ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች፤ ቢላዋ አንሥታም መበለት ጀመረች። ብዙ ዓሣ አብረው በለቱ።

በመጨረሻ እናትዓለም፣ «ሱሌማን የሚሮጠው ዓሣው እንዳይበላሽ ነው አይደል?» አለች።

«ታዲያ ለምን ይሮጣል? ማን ይጠብቀዋል እዚያ?»

«እንግዲያው ልየው። በመጪው ቅዳሜ አብሬው ጎንደር ልሂድ። በሕጉ ይንዳ፤ እኔ በሰዓት እለካለሁ። ዓሣው ከተበላሸ ስሕተቱ የኔ ነው፤ ለአዛዡ እነግራለሁ፣ ለእሱ የሚሆን ነገር ይፈለጋል። ካልተበላሸ ግን እንዳይሮጥ ይማልልኝ።»

እማማ ሀጂራ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ያላገባሽ ልጅ፣ ከወንድ ጋር ለብቻሽ መኪና ላይ? ወላሂ አትሄጂም!» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ ጎንደር ስሰድ ኖሬያለሁ። እኔ ራሴ ከወረታ አልፌ አላውቅም።»

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱ ጋቢና ውስጥ ገቡ፤ እማማ ሀጂራ መሐል። የመኪናዋ ፍጥነት ቆጣሪ ከሞተ ቆይቷል። እናትዓለም ግን የመንገዱን የኪሎ ሜትር ድንጋዮች እያየች ሰዓቷን ታስነሣለች፣ ታቆማለች። «አሁን ሃምሳ አምስት ነህ» ትለዋለች፤ «አሁን ስድሳ አለፍክ፤ ተው» ትለዋለች። ሱሌማን ጠጠሩ ላይ ቀስ እያለ በሄደ ቁጥር ያቃስት ነበር። «እማ፣ ዛሬ ዓሣው እግር አውጥቶ ጥሎን ይሄዳል» ይላል።

ወረታ ሲደርሱ መኪናዋ እንደ ለመደች ፈረስ በራሷ ወደ አንድ ሻይ ቤት ታጠፈች። 

«እዚህ ምን አለ?» አለች እናትዓለም።

«ቁርስ።»

«ስንት ደቂቃ ትቆያለህ?»

«አሥር... አሥራ አምስት።» እናቱ ቀና ብለው አዩት። «ሃያ» አለ።

ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና፣ «ዛሬ ዳቦው መኪና ላይ ይበላ» አለች። አዲስ ዘመን ላይ አንድ ወዳጁ በእጁ ጠራው፤ ዘወትር እዚያ ወርዶ ወሬ ይለዋወጣል። ማክሰኝት ላይ ደግሞ ጎማ የሚያስነፋበት ቤት አለው፤ ጎማው ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ የሚነፋው ጨዋታው ነው። በየቦታው «ስንት ደቂቃ?» ትለዋለች፤ እሱም እናቱን እያየ እውነቱን ይናገራል። አልወረዱም።

ዘወትር ሱሌማን በዚሁ ሰዓት ተነሥቶ ጎንደር የሚገባው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያን ቀን የገቡት ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ነው። በአምስት ደቂቃ ብቻ ዘገዩ። ከቅርጫቱ ላይ እርጥቡ ቄጠማ ሲነሣ ዓሣው ዓይኑ ገና ያበራ ነበር። ሱሌማን የእናትዓለምን ማስታወሻ ተቀብሎ አነበበው፤ በፍጥነት ያተረፈውን ጊዜ ሁሉ በሦስት ከተማ በሻይና በወሬ ያፈስሰው እንደ ነበር እዚያ ላይ አለ። አልተከራከረም፤ ሁለተኛ ላይሮጥ ማለላት። ጆሮው ድረስ ቀላ።

እማማ ሀጂራ ግን ማስታወሻውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። እሳቸው ሲያወሩ የሚያሳጥሩት ያንን ነው፤ የሚያስረዝሙት የገበያውን ነው። አንዲት የጎንደር ሴት ቅርጫቱን ጎንበስ ብላ አይታ፣ «የጣና ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ «የእኔ ነው» አሏት። «‹የእኔ ነው› አልሁ አስማማው! ያች ሴት እጄን ይዛ፣ ‹እርስዎ ነዎት እንዴ? ስንት ዘመን በላነዎት!› አለችኝ።» ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

ሲመለሱ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ማክሰኝትን እንዳለፉ እናትዓለም እንቅልፍ ወሰዳትና ራሷ በእማማ ሀጂራ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሰዓቱ በእጇ ውስጥ እየሄደ ነበር።

«እንዳይወድቅ ከእጇ ወሰድሁት» አሉኝ እማማ ሀጂራ። «ቲክ ቲክ ይላል። የቱን ተጭኜ እንደማቆመው አላውቅም። ጨብጬው ተቀመጥሁ። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ነው። ወንዶች ናቸው የወለድሁት፤ ካደጉ ወዲያ ትከሻዬ ላይ የተኛ ልጅ አልነበረኝም። ሱሌማንን ቀስ በል ልለው ዞር አልሁ። ሳልነግረው ቀስ ብሏል። ጉድጓዱን ሁሉ እንደ እንቁላል ተሸካሚ ነው የሚያልፈው። እስከ ወረታ አልነቃችም።»

ሰኞ ጠዋት ሾላው ሥር ዱካው ተመልሶ ነበር።

ሱሌማን ከዚያ ወዲህ መልአክ ሆነ ብላችሁ ውሸት አልነግራችሁም። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ከሌላ ሾፌር ጋር ተፎካክሮ በአሥር ሰከንድ አለፈ። ሦስተኛው መሆኑ ነው። እናትዓለም እስክሪብቶዋን አወጣች። እማማ ሀጂራ ግን በዚህ ጊዜ ከቦታቸው አልተነሡም። «ጻፊው» አሉ፤ «ቃሉን የበላ እሱ ነው። ና አንተ፣ ከመሄድህ በፊት ዓሣ ብላ።» ፈቃዱ ሦስት ወር ታገደ፤ ሱሌማንም ክረምቱን ከአጎቱ ከቡርሀን ጋር ጀልባ ሲሠራ ከረመ። የሠራት ጀልባ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ሆኖም አልሰጠመችም።

በሰማንያ አንድ መርስዔ ኀዘን የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ወደ ድንጋዮቻችን መጣ። ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ፍጥነት እንደሚሆን በዓይናቸው እንዲያዩ ነው አለ። እናትዓለም ሰዓቱን እያሳየች አስረዳቻቸው። በሳምንቱ ያለ ተማሪዎቹ በብስክሌት መጣ፤ ያልገባው ሒሳብ እንዳለ ተናገረ። በሌላው ሳምንትም አልገባውም። እማማ ሀጂራ፣ «ይህ አስተማሪ ደንቆሮ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሌላ ነገር አለ። ጥር ላይ ሽማግሌ ሊልክ ፈለገና ወዴት እንደሚልክ ግራ ገባው። እኔን ጠየቀኝ፤ እኔ እሷን ጠየቅኋት።

«ሌላ ቤት አለኝ እንዴ?» አለች፤ «እማ ዘንድ ይሂዱ።»

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ አንዱ ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ፣ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ። ያ ስም ሲነገር እናትዓለም ከጓዳ ሆና ሣቀች፤ ሰማኋት። በእሷ ወገን ቡርሀንና እኔ ተቀመጥን፤ የቤቱ እማወራ ግን እማማ ሀጂራ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ካልፈቀዳችሁ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ቡርሀንም እንደ ወጉ፣ «ይህ ነገር ይታሰብበታል፤ ሌላ ቀን ኑ» አለ። ሁለተኛ መጡ፤ ሁለተኛ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን እማማ ሀጂራ ራሳቸው ተናገሩ።

«ይህችን ልጅ አልወለድኋትም፤ ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም። ነገር ግን ከእኔ ቤት ስለ ጠየቃችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። ስትቆጣ አትጮኽም፤ ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ‹ምን ሆንሽ› አትበሏት፤ ውኃ ስጧትና ተዋት፤ ራሷ ትመጣለች። ጎመን አትወድም፤ ትበላለች እንጂ አትወድም። እግሯን ብርድ አይንካው። ከውሸት ጋር አታውሏት፤ ይህን ለልጁ ንገሩት። ከዚህ ወዲያ እሺ ብዬ ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

ቄሱ ዓይናቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ምግብ ቀረበ። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ እየተለየ በሚበላበት አገር፣ ዓሣ ባራኪ የሚያስፈልገው ሥጋ አይደለምና፣ ቄሱም ቡርሀንም እኔም ከአንድ ትሪ በላን።

ሰርጉ ፋሲካን ተከትሎ ሆነ። በሰማንያ ሁለት ሴት ልጅ ወለደች። እኛ ሁለታችን ግን ድንጋዮቻችን ዘንድ ብዙ አልቆየንም። መንገዱ የወታደር ካሚዮን መንገድ ሆነ፤ የወታደር ካሚዮን ደግሞ በሰዓት አይለካም። በሰማንያ ሦስት የካቲት ጦርነቱ ደርሶ ከተማው ሲጨነቅ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ምን እንደሚገጥመው በማያውቅበት ሰሞን፣ እማማ ሀጂራ ከሐይቁ ዳር በእግራቸው መጥተው የእናትዓለምን ቤት አንኳኩ። ሕፃኗን አዘሏት። «ተነሡ፤ ልብሱን እዚያው ተይው» አሉ። ሱሌማንና ቡርሀን ባልና ሚስቱን በጀልባ ይዘው ከሐይቁ ማዶ ካሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ አኖሯቸው። ነገሩ ሲበርድ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ሁሉም በደኅና ተመለሱ። እናትዓለም ወደ ፖሊስነቱ አልተመለሰችም፤ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረች። እኔ ጡረታ ወጣሁ።

ባለፈው ኢድ እማማ ሀጂራን ልጠይቅ ሄድሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፃቸው ግን እንዳለ ነው። እናትዓለም ከጎናቸው ተቀምጣ የዓሣውን እሾህ አንድ በአንድ እየለቀመች ታጎርሳቸዋለች።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

«አያንሰውም እማ። ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሐኪሙ ዓሣ ጠብሶ ያውቃል? ያንሰዋል አልሁሽ።»

እናትዓለም እኔን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ተነሥታ ጨው ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።